ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
ከቤተሰብ ጋር ለዓሣ ማጥመድ ወደ ሐይቅ ዳር ከመውጣት በፊት ስለሚደረግ ዝግጅት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የአበው ብሂል ከወታደር ይበልጥ የሚረዳው ሰው አለ ለማለት ያስቸግራል። የጫማውን ማሰሪያ ሳያጠብቅ የተሰለፈ፣ ኮዳውን ሳይሞላ የተንቀሳቀሰ፣ መሣሪያውን ሳይወለውል ያደረ ወታደር የቸልተኝነቱን ዋጋ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ሲከፍል ያላየ በመካከላችን የለም። ይህ ሐቅ ግን ለግዳጅ ብቻ ሳይሆን ለዕረፍትም ቀን የሚሠራ መሆኑን የተማርነው በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ፣ ያውም በባለቤቶቻችንና በልጆቻችን ፊት ባዶ ባልዲ ይዘን በቆምንበት ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከረዥም ግዳጅ ወደ ካምፕ የተመለሱ ጓዶች ከቤተሰቦቻቸው ጋር በመዝናናት የሚያሳልፉት አንድ ቀን እንዲዘጋጅ ሲታሰብ፣ የጉዞው አደራ በእኛ ላይ ወደቀ። እኛም በጦር አካዳሚ ስለ ዕቅድ አወጣጥ የተማርነውን ሁሉ በወረቀት ላይ አሰፈርን፤ የመኪናውን መነሻ ሰዓት፣ የመቀመጫውን ተራ፣ የመክፈቻውን ንግግር ሳይቀር ወሰንን። ስለ መንጠቆና ስለ ትል ግን አንድም መስመር አልጻፍንም። ክሩ በጉዞው ጧት ከመንገድ ዳር ሱቅ ተገዛ። መንጠቆዎቹ ከአንድ አሮጌ ጣሳ ውስጥ ዝገው ተገኙ። ትሉ ክዳኑ በተገጠመ ቆርቆሮ ታፍኖ፣ በመኪናው ወለል ላይ ሲንገላታ ቆይቶ፣ ሐይቁ ዘንድ ስንደርስ በሙቀት አልቆ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ ማዕበሉ በክሮቻችን ላይ ያሰርናትን ቀላል ክብደት እየገፋ ሁሉንም አንድ ላይ ቋጥሮ ወደ ዳር መለሰልን። ከያዝነው ሁሉ ሳይበላሽ የተመለሰው የንግግሩ ወረቀት ብቻ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የዓሣው መቅረት አልነበረም። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ሃምሳ አለቃ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለች ትቷት የሄደው ልጁ፣ በተመለሰ ጊዜ 7 ዓመት ሞልቷት አገኛት። ልጅቱ አባቷን እንደ እንግዳ «እርስዎ» እያለች ትጠራዋለች። በዚያን ዕለት የተቋጠረውን ክር ሲፈታ ከጎኑ ቆማ ለረዥም ጊዜ ከተመለከተችው በኋላ፣ «እርስዎ ዓሣ ማጥመድ አይችሉም?» ስትል ጠየቀችው። ሃምሳ አለቃው መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም፤ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነበርና።

ስለዚህም ለሁለተኛው ጉዞ ዝግጅቱን የጀመርነው በጉዞው ጧት ሳይሆን ሁለት ቀን ቀደም ብለን፣ ሐሙስ ማታ ነበር። ያወቅነውንም ከዚህ በታች ለውድ አንባብያን እናቀርባለን።

የውኃውንና የዓሣውን ጠባይ ማወቅ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,580 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት ውኃው ቡናማ ነው፤ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብትነክሩ ጣቶቻችሁን ማየት ያዳግታችኋል። በእንዲህ ያለው ውኃ ውስጥ ዓሣ ምግቡን በዐይኑ ብቻ ፈልጎ ሊያገኝ እንደማይችል ግልጽ ነው።

አምባዛ በአፉ ዙሪያ 8 ጢሞች ያሉት ዓሣ ሲሆን፣ ምግቡን የሚፈልገው በአብዛኛው በሽታና በዳሰሳ ነው። ይበልጥ የሚንቀሳቀሰውም በጨለማ ነው። ስለዚህ ለአምባዛ የሚቀርበው ምግብ ሽታ ያለው መሆን አለበት። ቆሮሶ በአንጻሩ ደቃቅ የውኃ ዕፀዋትንና ጥቃቅን ነፍሳትን የሚለቅም፣ አፉ ትንሽ የሆነ ዓሣ በመሆኑ ትንሽ መንጠቆና ትንሽ ጉርሻ ይፈልጋል። ትልቅ መንጠቆ ይዞ ቆሮሶን መጠበቅ፣ ለሕፃን የአዋቂ ጉርሻ እንደ መስጠት ነው።

ሐይቁ በጧት ጸጥ ብሎ ይቆይና ከቀትር በኋላ በነፋስ ይናወጣል። ማዕበል ሲነሣ ብዙዎች ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። የባሕር ዳርቻ አጥማጆች ግን የተለየ ብልሃት አላቸው። ማዕበሉ ዳሩን ሲያምስ የዓሣ ምግብ የሚሆነውን ሁሉ ከመሬቱ እንደሚያነሣ ስለሚያውቁ፣ የሚንከባለል ሳይሆን አሸዋ ላይ የሚቆም ክብደት አሥረው ማዕበሉ ከሚሰበርበት መስመር ባሻገር ይወረውራሉ። እኛም ይህንኑ ለሐይቃችን ወሰድን።

ክር፣ መንጠቆና ክብደት

ለቆሮሶ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለአምባዛ ደግሞ 0.40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ክር ይበቃል። ክሩን ከመጠቅለል በፊት በሁለት ጣቶች መካከል ቀስ አድርጎ ማሳለፍ ይገባል፤ ጣት ላይ የሚሻክር ቦታ ከተገኘ ክሩ ከዚያ ላይ ተቆርጦ ይጣላል። ዘንግ የሌለው ሰው ክሩን በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ይጠቅልል። ሲወረውርም የጠርሙሱን ሥር ጨብጦ አፉን ወደ ሐይቁ ቢያዞር፣ ክሩ ሳይያዝ እየተፈታ ይሄዳል። ዘንግ የሚፈልግ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚደርስ፣ በሚገባ የደረቀና ስንጥቅ የሌለው ሽመል ይምረጥ።

የመንጠቆ ስለት የሚፈተነው በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ነው። ጫፉን በጥፍር ላይ በቀስታ ሲያሳርፉት የሚንሸራተት ከሆነ ደንዝዟል ማለት ነው፤ በደቃቅ ሞረድ ይሞረዳል። ቆሞ የሚይዝ ከሆነ ለሥራ ዝግጁ ነው። መንጠቆውን ለማሰር የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ ካሳለፉ በኋላ በዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ መጠምዘዝ፣ ከዚያም ጫፉን ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት መልሶ ማሳለፍ፣ በመጨረሻም በምራቅ አርጥቦ ቀስ እያሉ ማጥበቅ ነው። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ በሰበቃ ይግላል፤ የጋለ ናይለን ደግሞ ይደክማል። በመጀመሪያው ጉዞ ሁለት መንጠቆ የቀረብን በዚሁ ምክንያት ነበር።

ስለ ክብደት ስናነሣ ለእናቶች አንድ ማሳሰቢያ አለን። እርሳስ የተባለውን ብረት በማዕድ ቤት ምድጃ፣ በተለይም ምግብ በሚበሰልበት ዕቃ ማቅለጥ፣ ወይም በጥርስ ነክሶ ክር ላይ ማጣበቅ ፈጽሞ አይገባም። እርሳስ መርዝ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። በምትኩ ከመኪና ጥገና ክፍል የተጣለ ካንዴላ ወይም ትልቅ ዳዶ ይበቃል። ሁለቱም ባለ ስድስት ጎን በመሆናቸው እንደ ክብ ድንጋይ በቀላሉ አይንከባለሉም። ካንዴላውን በመርፌ ቁልፍ ላይ በቀጭን ክር አንጠልጥሎ፣ ዋናውን ክር በመርፌ ቁልፉ ትንሽ ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ነው። ከመንጠቆው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ በክሩ ላይ ቢታሰር ክብደቱ ወደ መንጠቆው እንዳይወርድ ያግደዋል። በዚህ ዓይነት ዓሣው ክሩን ሲስብ ክብደቱ ባለበት ስለሚቀር ጉርሻውን ሳይጠራጠር ይውጣል። ካንዴላው በድንጋይ ቢያዝም የሚበጠሰው ቀጭኑ ክር ብቻ ነው፤ መንጠቆውና ዓሣው ይተርፋሉ።

የመርፌ ቁልፉም፣ የሸሚዙም ቁልፍ የተገኙት ከባለቤቶቻችን የስፌት ሣጥን መሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ ውለታ መብላት ይሆንብናል።

ማማለያው

ዓሣውን ለማማለል መንጠቆ ላይ የሚሰካው ምግብ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የመሬት ትል ነው። ትል የሚገኘው የልብስ እጣቢ ከሚፈስበት ሳይሆን ንጹሕ ውኃ ከሚያርፍበት የጓሮ ጎመን ሥርና ከፍግ አጠገብ ነው። በተበሳ ጣሳ፣ በእርጥብ አፈርና በቅጠል መካከል ተደርጎ በጥላ ቢቀመጥ ለሁለት ቀን በሕይወት ይቆያል። ሁለተኛው ሊጥ ነው። የስንዴ ዱቄት ጠጠር ተደርጎ ተቦክቶ ጥቂት የተነደፈ ጥጥ ቢታሽበት በውኃ ውስጥ ቶሎ አይፈርስም፤ በምስር መጠን እየተድበለበለ ለቆሮሶ ይሰካል። ሦስተኛው ለአምባዛ የሚሆነው የዶሮ ጉበትና አንጀት ነው።

ጉበቱ ግን አስቸገረን። ለስላሳ በመሆኑ ገና ሲወረወር ከመንጠቆው ይለያል። ይህን ችግር የፈታው ከመኮንኖቹ መካከል አንዱ ሳይሆን የሃምሳ አለቃው ባለቤት ናት። «መቶ አለቃ፣ ቋንጣስ ቢሆን ጨው ሳይነካው ይጸናል?» አለችን። ጉበቱን ቆራርጣ፣ ጨው ነስንሳ፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ በወንፊት አሳደረችው። በማግስቱ ሥጋው ጠንክሮ ሽታው ግን እንዳለ ነበር። በስፌት ክር 7 ወይም 8 ጊዜ ጠምጥመን መንጠቆ ላይ ስናስረው፣ ጠንክረን ብንወረውረውም አልተለየም።

በዚያው ምሽት ሃምሳ አለቃው ዶማ ይዞ ከጓሮው ትል ሲቆፍር ልጁ ፋኖስ ይዛለት ነበር። መጀመሪያ ትሉን ተጸየፈችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ጣሳውን ከእጁ ተቀብላ ትቆጥር ጀመር፤ 43 ደረሰች። በሁለቱ መካከል ብዙ ቃል አልተለዋወጠም። እኛም ከሩቅ ሆነን አይተን ዝም አልን፤ ንግግር የማያስፈልግበት ሰዓት መኖሩን እየተማርን ነበርና።

ጥንቃቄ

ከመወርወር በፊት ወደ ኋላ መመልከት እንደ ተኩስ ሜዳ ሕግ ሊጠበቅ ይገባል። ልጆች ከወርዋሪው 10 እርምጃ ርቀው ይቁሙ። መንጠቆ ጣት ውስጥ ቢገባና ምላሱ ሥጋ ውስጥ ቢደበቅ ወደ ኋላ መጎተት ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ክሩን ቆርጦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባትም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዐይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይነካም። አምባዛ በጎንና በጎኑ ባሉት ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ ስላለው በእርጥብ ጆንያ ይያዛል። እንደ ጫሞ ባሉ አዞ በሚኖርባቸው ሐይቆች ከውኃው ጠርዝ መቆም አደጋ ነው። ቁጥቋጦና ቄጠማ መጎርጎርም አያሻም፤ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የተባለው በከንቱ አይደለም። የተበጠሰ ናይለን የወፎችን እግር አሥሮ የሚገድል በመሆኑ አንድም ቁራጭ ሳይቀር ተለቅሞ ይመለሳል።

የአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግዴታችን ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ በዚያን ጊዜም ብዙ ስለማትመገብ መንጠቆ እምብዛም አያገኛትም። መረብ ግን እናትን ከሌላው አይለይም። ለመዝናናት የሚወጣ ሰው መረብን ትቶ መንጠቆን ቢይዝ የነገውን ዓሣ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጉዞ

በሁለተኛው ጉዞ ንግግር አላዘጋጀንም። ጧት በጸጥታው ሰዓት ቆሮሶ፣ ነፋሱ ሲነሣም ከማዕበሉ ባሻገር ወርውረን አምባዛ ጠበቅን። እስከ ማታ 9 ቆሮሶና 2 አምባዛ ተያዘ። ለ10 ቤተሰብ ብዙ አልነበረም። የሆነ ሆኖ ወዲያው ሆድ ዕቃው ወጥቶ በጥላ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ስለቆየ እኩሌታው በወጥ፣ እኩሌታው በጥብስ ለሁሉም ደረሰ። ጥሬ ዓሣ በሎሚ ለመብላት የቃጡ ጓዶች ነበሩ፤ ሎሚ ጥገኛ ትላትልን እንደማይገድል በማስረዳት ወደ ድስቱ መለስናቸው። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ማለት እሾሁን መልቀም ብቻ አይደለም።

ከሪፖርታችን ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር ግን አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሃምሳ አለቃው ክሩን ሲያስተካክል የትሉን ጣሳ ድንጋይ ላይ ረስቶት ነበር። ልጁ ከ10 እርምጃ ርቀት ላይ ሆና፣ «አባዬ! ጣሳውን ፀሐይ ላይ ትተኸዋል!» ብላ ጮኸች። ሃምሳ አለቃው ክሩን ጥሎ ሮጠ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ከአፏ አልሰማንም።

ከግዳጅ የተመለሳችሁ ጓዶች፣ ቤት ይዛችሁ የቆያችሁ እናቶች ሆይ፤ የዕረፍት ቀናችሁ ቅዳሜ ከሆነ ዝግጅታችሁን ሐሙስ ማታ ጀምሩ። ፋኖሱን ለልጅ ስጡ።