ድስቱ ገና ጥላሸት አለው

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የሕንድ መምህርና ስለ ደቀ መዝሙሩ ነው። ፖለቲካችን ለአንድ ሳምንት ይቆየን። “ይሄ ሰው ሃይማኖቱን ለወጠ እንዴ?” እንዳትሉኝ ደግሞ፤ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ግን ወደ ሕንድ ከመሻገሬ በፊት አንድ የሚያሳፍር ሥራዬን ልናዘዝ፤ አለዚያ ነገሩ ከየት እንደመጣብኝ አይገባችሁም።

በምኖርበት ከተማ ኩላሊታቸው የደከመ አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸው ይቅር፣ ጋሼ ልበላቸው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለኩላሊት እጥበት ይሄዳሉ። ተራቸው ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም፤ ስለዚህ ሦስት ሰዎች ቀን ተከፋፍለን በየመኪናችን እናደርሳቸዋለን። ማክሰኞ የእኔ ናት። አንድ ዓመት ተኩል ያህል አንድም ቀን ሳላጓድል ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በራቸው ላይ ቆሜያለሁ። ታዲያ በኮሚኒቲያችን ዓመታዊ በዓል ላይ “ወገናቸውን ያገለገሉ” እየተባለ ስም ሲነበብ፣ ሐሙስ ተጠራ፣ ቅዳሜም ተጠራ፣ ማክሰኞ ግን ተዘለለች። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ረስቶ እንጂ ሌላ ተንኮል አልነበረበትም። እኔ ግን የጎረስኩት ክትፎ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከሰው እኩል አጨብጭቤ፣ ፈገግ ብዬ፣ ቤቴ ገባሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌሊት ስልክ ደወልኩና “ጋሼ፣ መኪናዬ አልነሳ አለችኝ” አልኩ። መኪናዬ ደህና ነበረች።

“አይዞህ ልጄ፣ በዚህ ብርድ እንዳትወጣ” አሉኝ። የሐሙሱ ሰው ሲመጣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው አገኛቸው። ድንገተኛ ክፍል ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ሲነሳኝ የተማርኩበት ከተማ ካልካታ ትዝ አለኝ። (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ2004 ከጋዜጣ ሥራዬ ተነስቼ ለትምህርት እንደሄድኩ፣ አንድ የበዓል ቀን ከዳክሺኔስዋር በጀልባ ተሳፍሬ፣ በሁግሊ ወንዝ ቁልቁል ወርጄ ቤሉር ገዳም ደረስኩ። ጫማ እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ይወልቃል። በ1938 የተመረቀው ትልቁ መቅደስ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን መልክ አንድ ላይ አለው፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እኩለ ቀን ላይ ለመጣው ሁሉ ሩዝና ምስር አብሮ የተቀቀለ ኪቹሪ የሚባል ምግብ ይታደላል። በልቼ ስጨርስ ድስት የሚያጥብ ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁ። የጋዜጠኛ ነገር ሆኖብኝ ጓደኛዬን ፎቶ እንዲያነሳኝ ጠራሁት። አንድ ሽበታም መነኩሴ ድስቱን ገልብጠው አዩና “ይሄ ገና ጥላሸት አለው፣ ፎቶው ላይ ይታያል” አሉኝ። ስማቸውን ልጽፍ ስጠይቃቸው ሌላ ድስት ሰጡኝ።

ገዳሙ የቆመበት ትምህርት ከወንዙ ማዶ የመጣ ነው። ራማክሪሽና (1836-1886) ብዙ ያልተማረ፣ የገጠር ደሃ ልጅ፣ በዳክሺኔስዋር የካሊ ቤተ መቅደስ አገልጋይ ነበር። መቅደሱን በ1855 ያስመረቀችው ራኒ ራሽሞኒ የምትባል ባለጸጋ መበለት ስትሆን፣ ትውልዷ ዝቅ ካለ የዘር መደብ ነው ተብሎ ካህናቱ እዚያ ማገልገልን ይጸየፉ ነበር። ራማክሪሽና ብራህማን ነው፤ ከሁሉ በላይ ነኝ ከሚለው መደብ። ይህን ትዕቢት ከልቡ ለመንቀል፣ የሰው ሁሉ ጥራጊ ወደሚባለው የጽዳት ሠራተኛ ቤት በሌሊት ተደብቆ እየሄደ፣ መጸዳጃውን አጥቦ በረጅም ጸጉሩ ይወለውል እንደነበር ደቀ መዝሙሩ ተናግሯል። ተደብቆ የሚለውን ልብ በሉልኝ። እኛስ ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ምን ስንለው ኖርን?

በ1868 የራኒ አማች ማቱር፣ ራማክሪሽናን ይዞ ወደ ቅድስት ከተማቸው ወደ ባናራስ ለመሳለም ሲጓዝ፣ ዴኦጋር ላይ የተራቡና የተራቆቱ የመንደር ሰዎች አጋጠሟቸው። ራማክሪሽና እነዚህ ሰዎች ካልበሉና ካልለበሱ ከዚህ አልነቃነቅም ብሎ ከመካከላቸው ተቀመጠ። ማቱር ወጪው አሳስቦት ተከራከረ። የሚከራከሩት ግን መሬት ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር ነው፤ በመጨረሻ ከካልካታ ልብስ አስመጥቶ አደለ።

ዋናው ትምህርት የመጣው በ1884 ነው። ስለ ርኅራኄ ሲወራ ራማክሪሽና ድንገት ንግግሩን አቋረጠ። ራርቼልሃለሁ የሚል ሰው ከላይ ሆኖ ወደ ታች ያያል፤ ሰው ለሰው ምን ሆኖ ነው የሚራራው? በሰውዬው ውስጥ አምላክ እንዳለ አውቆ ማገልገል እንጂ፤ የንግግሩ ፍሬ ይህ ነበር። የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 25 ለምናውቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማወቁ ሌላ፣ ማድረጉ ሌላ ሆኖብን እንጂ። እዚያ ከነበሩት አንዱ ናሬንድራናት የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሲሞቱ ቤተሰቡ ዕዳ ላይ ወድቆ፣ ልጁ ሥራ ፍለጋ በባዶ እግሩ የካልካታን መንገድ ይዞር ነበር። ከክፍሉ ወጥቶ ዛሬ ትልቅ ብርሃን አየሁ አለ።

ይህ ልጅ ነው በኋላ ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተባለው። መምህሩ ካረፈ በኋላ፣ በ1886 መጨረሻ፣ አንትፑር በምትባል መንደር ወጣቶቹ ሌሊት እሳት ከበው ዓለምን ለመተው ተማማሉ። ናሬንድራ ያን ሌሊት የተረከላቸው የኢየሱስን ሕይወት ነበር፤ ቀኑ የፈረንጆች ገና ዋዜማ መሆኑን ያወቁት ቆይተው ነው።

የ1893ቱን የቺካጎ የሃይማኖቶች ጉባኤና ንግግሩን ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። አድራሻ ጠፍቶበት ባቡር ጣቢያ፣ በባዶ የዕቃ ፉርጎ ውስጥ አድሮ፣ ጠዋት ከበር በር ሲለምን ተባሯል። ከመካከላችን ይህን መልክ የማያውቅ ማን ነው? ጉባኤው ካስከበረው በኋላ ደግሞ በአንድ ባለጸጋ ቤት ለስላሳ አልጋ ላይ እንቅልፍ አጥቶ፣ የአገሩን ረሃብተኛ እያሰበ መሬት ላይ ወርዶ እንዳለቀሰ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ይተርካሉ።

በ1897 አገሩ ተመልሶ የራማክሪሽና ሚሽንን ሲያቋቁም የገዛ ወንድሞቹ መነኮሳት ተቃወሙት። መምህራችን ያስተማሩን አምልኮ ነው፣ የእርዳታ ሥራ የፈረንጅ ነገር ነው አሉት። ተቆጣ፣ ተከራከረ፣ በመጨረሻም እንባው መጥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። በ1898 ወረርሽኝ ካልካታ ሲገባ ገንዘብ ከየት ይመጣል ሲሉት፣ ካስፈለገ ለገዳሙ የተገዛውን መሬት እንሸጣለን አለ። በ1899 ደግሞ ተማሪው ኒቬዲታ፣ ከአየርላንድ የመጣችው ማርጋሬት ኖብል፣ ራሷ መጥረጊያ ይዛ የሠፈሩን ቆሻሻ ስትጠርግ የአካባቢው ወጣቶች አፍረው ተቀበሏት። እሱ በ1902 በ39 ዓመቱ ሞተ።

መቼም ከሕንድ የመጣ መምህር ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። በ1980ዎቹ ኦሪገን ውስጥ ሮልስ ሮይስ የደረደረውን ራጅኒሽን የምናስታውስ አለን። ቪቬካናንዳ ግን ኒው ዮርክ ላይ ስለ ሥራ መንገድ ሲያስተምር፣ አመስጋኝ መሆን ያለበት ሰጪው ነው ብሏል፤ የሚሰጥበትን ዕድል ያገኘው ከተቀባዩ ነውና። በእኔ ሒሳብ ጋሼ የአንድ ዓመት ተኩል ምስጋና ዕዳ ነበረባቸው፤ ዕዳውንም ኮሚኒቲው በማይክሮፎን እንዲከፍልልኝ ጠብቄያለሁ።

ከሆስፒታል በወጡ በመጀመሪያው ማክሰኞ መኪና ውስጥ እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ሁለት መብራት አለፍን። ዝምታው ሲከብደኝ ስለ ቤሉር፣ ስለ ድስቱና ስማቸውን ስላልነገሩኝ መነኩሴ ቀባጠርኩ።

“እኔንም ሕንድ ነው ሒሳብ ያስተማረኝ፣ በጃንሆይ ጊዜ” አሉ ጋሼ። “ዝናብ ቢዘንብ፣ ጎርፍ ቢወርድ አንድ ቀን አይቀርም።”

“ስማቸው ማን ነበር?”

አሰቡ፣ አሰቡና “ጠፋኝ” አሉ። “ሒሳቡ ግን አለ።” ከዚያ ማሞቂያውን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ አሉኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ።