የነጻነት በዓል ለማን ነው?

የነጻነት በዓል ሲደርስ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ መድፍ ይተኰሳል፤ ተማሪዎች በሰልፍ ይወጣሉ፤ ያባቶች ገድል ይነገራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በዓሉን የሚያከብር ሕዝብ ከየት እንደ መጣ የማይዘነጋ ሕዝብ ነውና። ሆኖም ከሰልፉ መካከል ቆመን አንዲት ጥያቄ ብንጠይቅ በዓሉን እንዳቃለልን ሊቈጠርብን አይገባም። ጥያቄዪቱም «ይህ ነጻነት በታወጀ ጊዜ ነጻ ሳይወጣ የቀረው ማን ነበር?» የምትል ናት።

ይህችን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት ሰዎች አንዱ በባርነት ተወልዶ ከባርነት ያመለጠው አሜሪካዊ ፍሬዴሪክ ዳግላስ ነው። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ስለ በዓሉ ጥቂት እንበል። ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ የጸደቀው ጁላይ 4 ቀን 1776 በፊላዴልፊያ ከተማ ነው። የሰውን ልጅ እኩልነት የሚያውጀውን ይህን ጽሑፍ ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ሲሆን፣ በዚያው ወራት በፊላዴልፊያ ያገለግለው የነበረው ሮበርት ሄሚንግዝ የተባለ የዐሥራ አራት ዓመት ባሪያው ነበር። ጄፈርሰን በዕድሜው ዘመን ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በረቂቁ ላይ የባሪያን ንግድ የሚነቅፍ አንቀጽ ቢያስገባም ጉባኤው ሰረዘው። በዚያ ጊዜ ከአገሩ ነዋሪ ከአምስቱ አንዱ ያህል ባሪያ ነበር። እንግዲህ ድግሱ ሲደገስ እህሉን የፈጨው፣ ውሃውን የቀዳው፣ እንጨቱን የፈለጠው ሰው ከዳሱ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደ ተባለው፣ ጥቁሮቹ ይህን አልረሱትም። በኒው ዮርክ ግዛት ባርነት በሕግ የተሻረው ጁላይ 4 ቀን 1827 ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ጥቁሮች ደስታቸውን የገለጡት በማግሥቱ ጁላይ 5 ቀን ነው። በበዓሉ ዕለት አደባባይ ቢወጡ ነጭ ወሮበሎች ይደበድቡናል ብለው መስጋታቸው አንዱ ምክንያት ነው። በሌሎቹ ግዛቶች ወንድሞቻቸው ታስረው ሳለ ቀኑን የራሳቸው ለማለት ልባቸው አለመፍቀዱ ደግሞ ሌላው ነው።

ዳግላስ በ1818 በሜሪላንድ ተወለደ። በልጅነቱ በባልቲሞር ከተማ ሲያገለግል እመቤቱ ፊደል ታስቈጥረው ጀመር። ባሏ ግን ማንበብ ባሪያን ያበላሻል ብሎ ከለከላት። ሕፃኑ ይህን ሲሰማ የሚከለክሉት ነገር መውጫ መንገዱ መሆኑ ገባው። ከዚያ ወዲያ ከቤት የያዘውን ዳቦ ለድኻ ነጭ ልጆች እየሰጠ በለውጡ ንባብ ተማረ። በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶና የሰው ወረቀት ተውሶ አመለጠ። በ1847 በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው በሮቼስተር ከተማ ጋዜጣ አቋቋመ።

በ1852 የሮቼስተር ሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር በበዓሉ ንግግር እንዲያደርግ ጠራው። በዚያ ዓመት ጁላይ 4 እሑድ ውሎ ነበርና ንግግሩ የተደረገው ሰኞ፣ ጁላይ 5 ቀን ነው። ይህም ቀን ከላይ እንደ ተናገርነው ለኒው ዮርክ ጥቁሮች እንግዳ አልነበረም። ከ500 እስከ 600 የሚደርስ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ዳግላስ በመጀመሪያ አገሪቱን ያቋቋሙትን ሰዎች በጀግንነታቸው አመሰገነ። ቀጥሎ ግን በዓሉ የአድማጮቹ እንጂ የእርሱ አለመሆኑን ፊት ለፊት ነገራቸው። ሰው እንደ ከብት የሚሸጥበትን ገበያ ገለጠላቸው፤ የኰበለለውን ባሪያ እያደኑ ለጌታው እንዲመልሱ የሚያዝዘውን የ1850ን ሕግ አወገዘ፤ ይህን እያዩ ዝም ያሉትን አብያተ ክርስቲያናትም ወቀሰ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ባሮች ነበሩ።

ነገር ግን ዳግላስ በዓሉ ይቅር፣ መግለጫውም ይቀደድ አላለም። ሕገ መንግሥቱ በትክክል ከተነበበ የነጻነት ሰነድ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ንግግሩንም በተስፋ ደመደመ። ነገሩን በእኛ አነጋገር ብናስቀምጠው፣ መግለጫው ለእርሱ የዕዳ ወረቀት ነበር። የዕዳ ወረቀት ደግሞ ይከፈልበታል እንጂ አይቀደድም።

ክፍያው በብዙ ደም መጣ። በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል፣ በ1863 መባቻ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ባመፁት ግዛቶች የነበሩትን ባሮች ነጻ የሚያወጣውን አዋጅ አወጁ። የአዋጁ ቃል በቴክሳስ ጋልቬስተን የተነበበው ግን ጁን 19 ቀን 1865 ነበር። በዚያ ግዛት ሩብ ሚሊዮን የሚያህሉ ባሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ በመላ አገሪቱ ተሻረ። የቴክሳስ ጥቁሮች ከ1866 ጀምረው ያከበሩት ይህ ቀን በ2021 የመላው አገር በዓል ሆነ። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካ በዐሥራ አምስት ቀን ልዩነት ሁለት የነጻነት በዓላት ይከበራሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አልሻረውም፤ የጐደለውን አሳየው እንጂ።

ይህን ሁሉ የሰው አገር ወሬ አድርገን እንዳናልፈው የሚከለክለን የራሳችን በዓል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት በዐድዋ የተገኘው ድል በአሜሪካ ያሉትን ጥቁሮች ሳይቀር አኵርቷል። በዚያው ዕለት ግን በአገራችን ሰው ይሸጥና ይለወጥ ነበር። የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ጠይቀን በ1916 ዓመተ ምሕረት ከመግባታችን በፊት የቀረበብን ክስ ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ፤ ባርነት ጨርሶ በሕግ የተሻረው ግን በ1934 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዐድዋ እስከዚያ 46 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሕጉ ይሻር እንጂ ቃሉ ከአንደበታችን አልጠፋም። በዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ የዐድዋ ዕለት ማታ፣ ከሰልፍ ተመልሰን በመኝታ ክፍላችን ስንጫወት፣ ከመካከላችን አንዱ በመልኩ ጠቈር ያለውን ጓደኛችንን በዚያ አሮጌ ስም ጠራው። ጓደኛችን ፈገግ ለማለት ሞከረና ቀስ ብሎ ወጣ። እኛ አልሳቅንም፤ ነገር ግን ዝም አልን። ዝምታችን ከስድቡ የሚያንስ መስሎን ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይመስለንም።

የበዓል ንግግር የሚያረቁት ብዙውን ጊዜ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ሰልፉን የሚያደምቁትም ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ በሚመጣው በዓል ረቂቁን የምታዘጋጅ ወዳጃችን ሆይ፣ ያባቶችን ጀግንነት ከጻፍህ በኋላ በዚያ ድል ነጻነቱ ላልደረሰው ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምርለት። አለቃህ ቢሰርዘው እንኳ አንተ ጽፈኸዋል። ተማሪ የሆንህም ከሰልፉ ስትመለስ ያ ስም በፊትህ ሲጠራ እንደኛ ዝም አትበል።