ጥገናው ሲወጣ ቀዳዳው ይታወቃል

ለቤት ኮምፒውተር የሚላኩ የዊንዶውስ አፕዴቶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በየወሩ የሚመጣው የደኅንነት ጥገና ነው። ሌላው በዓመት አንዴ ገደማ የሚወጣውና የሲስተሙን መልክና አሠራር የሚቀይረው ትልቁ እትም ነው። አፕዴት ይደረግ ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር መቋጫ የሚያጣው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው። ትልቁ እትም ሳምንታት ቢዘገይ ብዙም ጉዳት የለውም። ወርኃዊው ጥገና ግን ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ጊዜ ይቆጠርበታል።

አፕዴት የሚፈሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የደረሰውን ነው። በዚያ ቀን አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ሥራ ፈቱ፤ “የዊንዶውስ አፕዴት ዓለምን አቆመ” የሚል ወሬም ተዛመተ። ወሬው ስህተት ነው፤ ዛሬም ድረስ መደገሙ ያሳዝናል። የተበላሸውን ፋይል የላከው ክራውድስትራይክ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ እንጂ ማይክሮሶፍት አልነበረም። ፋይሉ ሃያ አንደኛ እሴት እንዲነበብ ሲጠይቅ ፕሮግራሙ ያዘጋጀው 20 ብቻ ስለነበር ከተፈቀደለት የሜሞሪ ክልል ውጭ ለማንበብ ሞከረ፤ ሲስተሙም ወደቀ። ማይክሮሶፍት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች እንደተነኩ ገምቷል። ሶፍትዌሩ ለድርጅቶች የሚሸጥ በመሆኑ የቤት ኮምፒውተሮችን ጉዳዩ አልነካቸውም ማለት ይቻላል።

የማይክሮሶፍት የራሱ ጥፋት መጠቀስ ካለበት ተገቢው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1809 ነው። አንዳንድ ተጠቃሚዎች የሰነድ ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ አዛውረው ነበር። አዲሱ እትም የቀድሞውን ፎልደር ባዶ ነው ብሎ ሲሰርዝ በውስጡ የቀሩ ፋይሎችም አብረው ጠፉ። ሥርጭቱ በቀናት ውስጥ ቆመ፤ እትሙ ተስተካክሎ የተመለሰው ኖቬምበር 13 ቀን ነው። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ፋይሉን ላጣ ሰው የተጎጂው ቁጥር ማነስ አያጽናናውም። ነገር ግን ያጠፋው ትልቁ እትም እንጂ ወርኃዊው ጥገና አልነበረም።

ወርኃዊው ጥገና ለምን እንደሚያስቸኩል ለመረዳት ጥገናው ራሱ ምን እንደሚናገር ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጥገና ሲወጣ በዓለም ያለ ማንኛውም ሰው ያወርደዋል፤ ሰርጎ ገቦችም ያወርዱታል። የተጠገነውን ፋይል ካልተጠገነው ጎን አስቀምጠው በማነጻጸሪያ ፕሮግራም ይመረምሩታል። በሺዎች ከሚቆጠሩ የፕሮግራሙ ክፍሎች መካከል የተለወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ቀዳዳው ያለው እዚያ ነው። አዲስ ጭቃ የተለሰነበት ግድግዳ ድሮ የተነደለው የት እንደነበር ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል፤ የሰፈሩ ቤት ሁሉ በአንድ ዓይነት ፕላን ከተሠራ ደግሞ ያልተለሰነው ቤት የት እንደሚቦረቦር ታወቀ ማለት ነው።

ጥሩ ማሳያ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 የተጠገነው፣ ኢተርናልብሉ በሚባለው የጥቃት መሣሪያ የሚታወቀው ቀዳዳ ነው። ዊንዶውስ ፋይሎችን በኔትወርክ የሚያጋራበት አሮጌ ክፍል ከላኪው ኮምፒውተር አንድ ዝርዝር ይቀበላል፤ ከዝርዝሩ ጋር መጠኑም ይገለጻል። የመጠኑ ቁጥር የሚጻፈው በ32 ቢት ነው። ፕሮግራሙ የዝርዝሩን ትክክለኛ ክፍል ለይቶ መጠኑን ሲያርም ግን አዲሱን ቁጥር የሚጽፈው በታችኛው 16 ቢት ላይ ብቻ ነበር፤ የላይኛውን ግማሽ ሳይነካ ይተወዋል። ላኪው መጠኑ 65,536 ነው ቢል ቁጥሩ በላይኛው ግማሽ 1፣ በታችኛው ግማሽ 0 ሆኖ ይቀመጣል። ትክክለኛው መጠን 65,373 ሆኖ ሲገኝ ይህ በታችኛው ግማሽ ይጻፋል፤ ላይ ያለው 1 ግን አይጠፋም። ስለዚህ ዝርዝሩ መቀነሱ ቀርቶ 130,909 ሆኖ ይነበባል። ሜሞሪ የተያዘው ለትንሹ መጠን ነው፤ የሚገለበጠው ግን በትልቁ ልክ ነው። ትርፉ ድንበር አልፎ በአጠገቡ ባለ የሲስተሙ ሜሞሪ ላይ ይፈስሳል። ላኪው የሚፈስሰውን በዘዴ ካዘጋጀው ኮምፒውተሩ ያለ ይለፍ ቃል የእሱ ይሆናል።

ይህን ስህተት ለማረም በ16 ቢት የሚጽፈውን ትእዛዝ በ32 ቢት በሚጽፍ መለወጥ ይበቃል። ሁለቱን ፋይሎች አስተያይቶ ማንበብ ለሚችል ባለሙያም ለውጡ ብዙ ይናገራል።

ቀኖቹ እንዲህ ይሄዳሉ። ጥገናው የወጣው ማርች 14 ቀን 2017 ነው። ከአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የተሰረቀው መሣሪያ በኤፕሪል 14 በአደባባይ ተለቀቀ። በሜይ 12 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ትል፣ ማለትም ራሱን በራሱ የሚያዛምት ፕሮግራም፣ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ወደ 150 አገሮች ተዛመተ፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ለመመለስ ተገደዱ። በጥገናውና በጥቃቱ መካከል 59 ቀናት ነበሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥገናውን የጫነ ኮምፒውተር በዚህ መንገድ አልተደፈረም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው ብላስተር የተባለ ትል ደግሞ ጥገናው ከወጣ በ26 ቀናት ውስጥ ደርሷል፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰነድም የጥቃቱ መንገድ የተገኘው ጥገናውን በመበርበር እንደነበር ገልጿል።

ጥገና ምን ያህል በፍጥነት ይጫን በሚለው ላይ የደኅንነት ባለሙያዎች ራሳቸው አይስማሙም፤ ልዩነታቸውም መነገር አለበት። ከሚጠገኑት ቀዳዳዎች ለጥቃት የሚውሉት ጥቂቶች ናቸው። አንዳንዱ ቀዳዳ ደግሞ ጥገና ሳይወጣለት አስቀድሞ ጥቃት ስለሚፈጸምበት መፍጠን ብቻውን አያድንም። ከቤት ራውተር ጀርባ ያለ ኮምፒውተር እንደ ዋናክራይ ዓይነቱ ትል ከኢንተርኔት በቀጥታ አይደርስበትም፤ ይልቁንስ አደጋው በብራውዘርና በኢሜይል በሚላክ ፋይል፣ ወይም በካፌና በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ላይ ባለ ሌላ ኮምፒውተር በኩል ይመጣል። ስለዚህ ጥቂት ቀናት ጠብቆ ጥገናው እንዳላበላሸ ማየት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው። ሦስት ወይም አራት ቀን መቆየት ግን ለዓመት ከመዝጋት ጋር አንድ አይደለም።

በኢትዮጵያ አፕዴት የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በዳታ ዋጋ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱ በቂ ነው፣ መላም አለው። የዊንዶውስ 10 እና 11 ወርኃዊ ጥገና የቀደሙትን ወራት ጥገናዎች በአንድ ያጠቃልላል፤ አምስት ወር ያለፈው ሰው አምስቱን በየተራ ማውረድ የለበትም። በቤቱ ሁለት ኮምፒውተር ካለም አንዱ ያወረደውን በዚያው ዋይፋይ ለሌላው ማካፈል የሚያስችል ማስተካከያ አለ። ጥገናው የሚለቀቀው በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ሲሆን በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ላፕቶፑን ሞልቶ መጫን፣ ከዚያም በፊት ዋና ዋና ፋይሎችን በውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል።

አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ አፕዴት ሲደረግ ይዘጋል የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም። አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 በስክሪኑ ጥግ ማሳሰቢያ ያሳያል፣ የመልክ ማስተካከያዎችንም ይከለክላል እንጂ የደኅንነት ጥገና ይደርሰዋል። ይልቅ የሚያሰጋው ዊንዶውስን ያለ ክፍያ አክቲቬት ለማድረግ ከማይታወቅ ቦታ የመጣው ክራክ ነው፤ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ተረክቦ የሚሠራ ፕሮግራም በመሆኑ በውስጡ ምን እንደተጨመረበት ተጠቃሚው ማወቅ አይችልም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለተመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች የተሰጠው ተጨማሪ የአንድ ዓመት ጥገናም ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ላይ እንዲያበቃ ተቀምጧል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ የጋራ ኮድ አላቸው። ጥገና በማይደርሰው ዊንዶውስ 10 ላይ አደጋው የሚብሰው በዚህ ነው፤ ለዊንዶውስ 11 የሚወጣ እያንዳንዱ ጥገና በአሮጌው እትም ላይ ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳን ሊጠቁም ይችላል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን መሸከም ከቻለ መሻገር፣ ካልቻለ እንደ ኡቡንቱ ያለ ጥገናው ያልተቋረጠ ነጻ ሲስተም መጫን ይቻላል። ሁለቱም ካልሆኑ በዚያ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ አለመሥራትና ከኢንተርኔት ነጥሎ ለጽሑፍና ለፊልም ብቻ መጠቀም ይቀራል።