ካንሰሩ ሄዶ ሕክምናው ሲቀር

ካውያ የሚይዝ እጅ ሙቀት መለየት አለበት። በኩዌት ከተማ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች፣ በሳልሚያም በሉት በሐዋሊ ወይም በፈርዋኒያ፣ በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት በሳምንት ስንት ዲሽዳሻ (የወንዶች ረጅም ቀሚስ) እንደምትተኩስ የምታውቀው ራሷ ናት። ነጩ ልብስ መስመሩ ቀጥ፣ ኮሌታው ደረቅ ብሎ መውጣት አለበት። እንግዲህ ይህችው ሴት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት፣ ታክማ፣ ኬሞዋን ጨርሳ፣ «ነጻ ነሽ» ተብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች እንበል። ካውያውን ታነሣለች። የጣቶቿ ጫፎች ጥጥ የተጠመጠመባቸው ይመስል ምንም አይነግሯትም። መቃጠሏን የሚያስታውቃት ሕመሙ ሳይሆን አፍንጫዋ ነው።

ስንፍና አይደለም፤ ዝንጉነትም አይደለም፤ ካንሰሩም ተመልሶ አይደለም። ካንሰሩን የገደለው መድኃኒት ነርቮቿንም ነክቷቸዋል። ለጡት ካንሰር በብዛት የሚሰጠው ፓክሊታክሴል፣ ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲን፣ ለደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን፣ ሦስቱም ነርቭ ላይ ይበረታሉ። ጉዳቱ የሚጀምረው ከረጃጅሞቹ ነርቮች ጫፍ ስለሆነ መጀመሪያ የእግር ጣት፣ ከዚያ የእጅ ጣት ይደነዝዛል። አንዱ «ይወረኛል» ይላል፤ ሌላው «ጉንዳን ይሄድብኛል»፤ ሌላዋ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ቆማ ጠጠር የረገጠች ይመስላታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 31 ጥናቶችንና ከ4 ሺህ በላይ ታካሚዎችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ እንዳሳየው፣ ነርቭ የሚነካ ኬሞ ከወሰዱት ሰዎች ሕክምናው ባበቃ በመጀመሪያው ወር 68 በመቶው ይህ ስሜት ነበራቸው። ከስድስት ወር በኋላም 30 በመቶው አልተዋቸውም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ኬሞ ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የጸጉር መርገፍንና ትውከትን ነው። ሁለቱም ያልፋሉ። ጸጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ ትውከቱ መድኃኒቱ ሲቆም ይቆማል። ያልተወራለት ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነው፤ ወራትና ዓመታት የሚቆየው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሕክምናው ካለቀ ከዓመታት በኋላ ብቅ የሚለው። ቤተሰብ «ዳነች አይደል እንዴ?» ይላል። ድናለች፤ ግን እንደ ድሮዋ አይደለችም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ችግሩ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ መስማት አለመፈለጉ ነው።

ለዚህ ዘመን ስም ካወጡለት ሰዎች አንዱ ፊትዝሂዩ ሙላን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በ1975፣ ገና 32 ዓመቱ ሳለ፣ ደረቱ ውስጥ ካንሰር ተገኘበት። ታከመ፤ ተረፈ። በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ከካንሰር የተረፈ ሰው ሕይወት ሦስት ወቅቶች እንዳሉት አስረዳ፤ የሕክምናው ወቅት፣ ሕክምናው አልቆ ፍርሃቱ የማያልቅበት ወቅት፣ እና በሽታው እንደማይመለስ ተስፋ ተደርጎ የሕክምናው አሻራ ግን አብሮ የሚኖርበት ረጅሙ ወቅት። ሆስፒታሎች የተሠሩት ለመጀመሪያው ነው።

ኢትዮጵያውያን ከሌላው ዓለም ይልቅ በቶሎ ሊረዱት የሚገባ አንድ ጉዳት አለ፤ የእጅ እብጠት። የጡት ካንሰር ሲወጣ ብብት ውስጥ ያሉ ንፍፊቶችም አብረው ሊወጡ ይችላሉ። ንፍፊቶቹ ከእጅ የሚመለሰው ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ የሚያልፍባቸው በሮች ናቸው። በሮቹ ሲወጡ ወይም በጨረር ሲጠብቁ ፈሳሹ እጅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እጁ ይከብዳል፣ ቀለበት አልወጣ ይላል፣ የአንዱ ወገን እጅጌ ይጠብባል። ዝሆኔን የሚያውቅ ሰው አሠራሩ አያደናግረውም። በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጠውም የዚሁ ፈሳሽ መንገድ መዘጋት ነው። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዊልያም ሃልስቴድም በ1921 ይህን የእጅ እብጠት የጠራው «በቀዶ ሕክምና የመጣ ዝሆኔ» ብሎ ነው። ጡትን ከነጡንቻውና ከነንፍፊቱ ሙልጭ አድርጎ የማውጣቱን ዘዴ ያስፋፋው እሱው ራሱ ስለነበር፣ ስሙን ያወጣው ለገዛ እጁ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ ቀዶ ሐኪሞች በተቻለ መጠን ሁሉንም ንፍፊት አያወጡም። መጀመሪያ ፈሳሹ የሚደርስበትን አንድ ሁለቱን መርጠው ይመረምራሉ፤ ንጹሕ ከሆኑ ሌሎቹን ይተዋሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ብብታቸው ሙሉ በሙሉ ከተጸዳው ሴቶች ከ5 አንዷ እጇ ሲያብጥ፣ ጥቂት ንፍፊት ብቻ ከተወሰደባቸው ግን ከ100 ወደ 6 የሚሆኑት ናቸው። ዘግይታ ለመጣች ሴት ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ብዙ ኢትዮጵያውያት ደግሞ ዘግይተው ነው የሚመጡት።

ለዓመታት እጃቸው ላበጠ ሴቶች የሚሰጣቸው ምክር «ምንም ከባድ ነገር አታንሺ» የሚል ነበር። ባልዲ መሸከም፣ ፍራሽ ማገላበጥ፣ ሕፃን ማዘል እንጀራዋ ለሆነ ሴት ይህ ምክር «ሥራሽን ተዪ» ማለት ነው። በ2009 ግን ካትሪን ሽሚትዝ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ይዘው ያልተጠበቀ ውጤት አሳተሙ። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአሠልጣኝ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር ክብደት አነሡ። እብጠታቸው ካላነሡት የበለጠ አልባሰም። እንዲያውም ሕመሙ የተባባሰባቸው 14 በመቶዎቹ ሲሆኑ፣ ክብደት ካላነሡት መካከል 29 በመቶዎቹ ተባብሶባቸዋል። ቁም ነገሩ «ቀስ በቀስ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ በመጀመሪያው ቀን ምንጣፍ ጠቅልሎ ሰገነት ማውጣት ስፖርት አይባልም።

ያበጠ እጅ ሌላም ጠላት አለው፤ ቁስል። ትንሽ ጭረት፣ የጥፍር ዳር መላጥ፣ የዘይት ፍንጣሪ ወደ ከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በክሎሮክስ ማጽዳትም ሆነ ዓሣ መበለት ያለ ጓንት መሆን የለበትም። ክንዱ ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

የአገሩን አየር ደግሞ ጨምሩበት። በሐምሌ 2016 በሰሜን ምዕራብ ኩዌት ሚትሪባ በተባለ ጣቢያ 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል፤ በዓለም ከተረጋገጡት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። ሙቀት የእጅ እብጠትን ያባብሳል፤ እብጠቱን የሚይዘው ጠባብ የላስቲክ እጅጌ ደግሞ በሙቀት ሲለበስ ያንገበግባል። ከቤት ውጭ እሳት፣ ከቤት ውስጥ ደግሞ በረዶ ነው፤ ኤሲው ሌት ተቀን ይነፍሳል። ኦክሳሊፕላቲን የወሰደ ሰው በተለይ በሕክምናው ሰሞን ቅዝቃዜ እንደ መርፌ ይወጋዋል፤ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ሲነካ ጣቱን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮውን ይይዘዋል። 50 ዲግሪ ባለበት አገር ፍሪጅ ለመክፈት ጓንት የሚያደርግ ሰው ቢታይ እብድ ይመስል ይሆናል። እብድ ግን አይደለም።

ታሞክሲፌን የሚባለውን እንክብል የሚወስዱ ሴቶችም ከወቅቱ ጋር ይጣላሉ። መድኃኒቱ የሴት ሆርሞን ካንሰሩን እንዳይመግበው ይከላከላል፤ የሚወሰደውም 5 ዓመት፣ ለአንዳንዶቹ እስከ 10 ዓመት ነው። ከደረት ተነሥቶ ፊት ላይ የሚወጣ ወላፈን፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ያመጣል። ኩዌት ውስጥ ሁሉም ሰው ስለሚያልበው «የአየሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዷ ወላፈኑ ሲሰለቻት ለማንም ሳትናገር እንክብሉን ታቆማለች። ይህ አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ሲወሰድ ብቻ ነውና። ወላፈኑን የሚቀንስ ሌላ መድኃኒት መኖሩን ሐኪሟን ብትጠይቅ ይሻላታል።

ሌላው፣ ብዙዎች በሹክሹክታ እንኳ የማያነሡት፣ የመውለድ ነገር ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚሄዱት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሐሳባቸው ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ገንዘብ ይዞ ተመልሶ ጎጆ መውጣት ነው። ሳይክሎፎስፋማይድን የመሰሉ መድኃኒቶች የእንቁላል ክምችትን ሊጨርሱና የወር አበባን ያለ ዕድሜው ሊያቆሙ ይችላሉ። የመውለድ ዕድልን ስለ መጠበቅ መጠየቅ ያለበት ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ነው። «መጀመሪያ ነፍሴ ትትረፍ» ማለት ተገቢ ነው፤ ሆኖም አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ሕክምናውን አያዘገየውም።

ልብም አለ። ታካሚዎች በቀለሙ «ቀዩ» የሚሉት ዶክሶሩቢሲን ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በዕድሜ ልክ ከተወሰነ ጠቅላላ መጠን በላይ ሲሰጥ የልብ ጡንቻን የማዳከም ዕድሉ በጣም ይጨምራል። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ በማጠር ሊጀምር ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚያክማት ሐኪም የድሮውን ታሪክ ካላወቀ «አስም» ሊል ይችላል፤ «ደም ማነስ» ሊል ይችላል።

ኩዌት ውስጥ ካንሰር የሚታከመው በዋናነት በሰባህ የሕክምና ሰፈር፣ በኩዌት የካንሰር መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ የሠራተኛዋን ምግብ፣ ልብስ፣ ማረፊያና ሕክምና አሠሪው እንዲችል ያዛል፤ የሥራ ሰዓቷም በቀን ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። ጤነኛን ሰው የሚያደክም 12 ሰዓት ከኬሞ ለወጣች ሴት ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው። የካንሰር ድካም ተኝተው የሚነሡበት ድካም አይደለም። ትተኛለች፤ ስትነሣም ደክሟታል። አብሮት የሚመጣ የሐሳብ ጭጋግ አለ፤ ሽንኩርቱን እሳት ላይ ጥላ ትረሳለች፣ ማዳም ያዘዘቻትን ሦስት ነገር ሁለቱን ብቻ ይዛ ትመለሳለች። «ሰንፋለች» ትባላለች። የሚገርመው ለዚህ ድካም ከተገኙት መላዎች ዋነኛው ዕረፍት ሳይሆን መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በየቀኑ፣ በራስ አቅም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ። ይህን የሚያዝላት ሐኪም ካላት፣ የምትራመድበት ሰዓትም ካላት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ኩዌት ያለች ሠራተኛ ግን ተረቱን ገልብጣ ነው የምታነበው፤ በሽታዋን የተናገረች ሥራ የላትም ብላ ትፈራለች። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የሠራተኞች ጤና ምርመራም ካንሰርን «ብቁ አይደለችም» ከሚያስብሉ ሕመሞች መካከል ስላስቀመጠው፣ አንዴ ወደ አገሯ ከተመለሰች እንደገና መምጣቷ አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ የደነዘዘውን ጣት ትደብቃለች፣ ያበጠውን እጅ በሰፊ እጅጌ ትሸፍናለች። ሊረዳ የሚችል ነገር ቢኖርም ሳትጠይቅ ትቀራለች። ለምሳሌ ነርቭ ላይ ለሚቀር ሕመም ዱሎክሴቲን የተባለ መድኃኒት እንደሚያስታግስ በ2013 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል፤ ድብርት ለማከም የተሠራ ስለሆነ ስሙን ሰምቶ «አእምሮዬን ነው እንዴ የሚያክሙኝ?» የሚል አይጠፋም። ለደነዘዘ እጅ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ አለ፤ የውሃን ሙቀት በጣት ሳይሆን በክርን መለካት፣ በባዶ እግር አለመሄድ፣ ማታ ማታ መዳፍንና ውስጥ እግርን በዓይን መፈተሽ።

ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ በመጨረሻ የሚያርፉት ቦሌ አየር ማረፊያ ነው። አዲስ አበባ የሚጠብቃቸው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ኖሯል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ጨረር መሰጠት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በ2020 ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 77 ሺህ አዳዲስ የካንሰር ሕሙማን ይገኛሉ። ያን ሁሉ ሰው ወረፋ ይዞ የሚያክም ሐኪም ሕክምናዋን የጨረሰችን ሴት ስለ ጣቷ ለመጠየቅ ጊዜ ቢያጥረው አይፈረድበትም። ክፍተቱን ለመሙላት ከሚጥሩት አንዱ በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው፤ ስሙን ያገኘው በደም ካንሰር ከሞተ የአራት ዓመት ሕፃን ነው፤ መሥራቾቹም ወላጆቹ ናቸው።

ስለዚህ ኩዌት ታክማ ወደ አገሯ ለምትመለስ እህት፣ ወይም ለምትቀበላት ቤተሰብ፣ አንድ ነገር አደራ። ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት የሕክምና ፋይሉን ቅጂ ጠይቁ፤ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ የዶክሶሩቢሲን ጠቅላላ መጠን፣ ጨረሩ ያረፈበት ወገንና ቀኑ፣ ከብብት የወጡት ንፍፊቶች ብዛት፣ የመጨረሻው የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ይኑርበት። ወረቀቱን በስልክም ፎቶ አንሡት። ዋናውን ግን በእጅ ቦርሳ ያዙት፤ ካርጎ ውስጥ አይግባ።