ክረምትን እስከ ግንቦት የሚያቆይ ሐይቅ

ሆሳዕናና አካባቢዋ ላይ የሚጥል ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ አይሄድም። ከተማዋ ያለችው ውሃ ለሁለት በሚከፈልበት ከፍታ ላይ ነው። በምሥራቅ ቁልቁለት የሚወርደው ብላቴን ተከትሎ አባያ ሐይቅ ይገባል። በምዕራብ ከጎምቦራ፣ ከጊቤና ከሶሮ ወረዳዎች፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ከጠምባሮ የሚወርደው ኦሞን ይቀላቀላል። ይህኛው ውሃ በፊት ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ቱርካና ይነጉድ ነበር። ከጥር 2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን መንገድ ላይ የሚያስቆመው አግኝቷል፤ የጊቤ ሦስት ግድብ።

ስለ ጊቤ ሦስት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁመቱና ኃይሉ ነው። እውነትም 243 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች፣ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት፣ ቀላል ነገር አይደለም። ግንባታው በ1998 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። እኔ ግን ማስተዋወቅ የምፈልገው ከግድቡ ጀርባ የተኛውን ውሃ ነው። ወደ ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በወላይታና በዳውሮ መካከል ካለው ግድብ ተነስቶ ገደሉን ተከትሎ እስከ ከምባታ፣ ጠምባሮና ሀዲያ ግርጌ ይደርሳል። ሲሞላ 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። የሀዲያና የከምባታ እናቶች ቆጮን በጉድጓድ ቀብረው ለችግር ቀን እንደሚያቆዩት፣ ሐይቁም የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ለየካቲትና ለሚያዝያ ያቆያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፍ ብሎ የቆመ ውሃ በውስጡ ኃይል አለው፤ ኃይሉ የሚወጣው ሲወርድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 200 ሜትር ያህል ወርዶ ተርባይን ቢመታ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህን ወደ ማድ ቤት እናምጣው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንዲት እናት ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ውስጥ ሙሉ አንድ ሰዓት እንጀራ ከጋገረች፣ ለእሷ ብቻ 7 ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 35 በርሜል ያህል፣ ከዚያ ከፍታ መውረድ አለበት። በበዓል ዋዜማ በየቤቱ የሚጣደውን ምጣድ ሁሉ ስናስብ፣ ሐይቁ ለምን ያን ያህል መስፋት እንዳለበት ይገባናል።

ውሃው ሳይነካ ከተቀመጠ ኃይሉም ሳይነካ ይቆያል። ትነትና ስርገት ጥቂት ይቀንሱታል እንጂ የወራት ቆይታ አይጎዳውም። ሲፈለግም በደቂቃዎች ውስጥ ተርባይኑ ይነሳል። ማታ መብራቱ፣ ቴሌቪዥኑና ምድጃው በአንድ ጊዜ ሲበራ ቶሎ የሚደርሰው ይህ ውሃ ነው።

ጊቤ ሦስት ብቻውንም አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከዚያ የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተራራውን አቋርጦ ወደ ኦሞ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል ይወርድና በጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ሐይቅ የለውም፤ የሚኖረው ጊቤ አንድ ባጠራቀመው ነው። ከዚያ ያው ውሃ ወደ ጊቤ ሦስት ይገባል፤ የቆይሻ ግድብ ሲጠናቀቅ ደግሞ እዚያም ይሠራል። አንድ ጠብታ አራት ጊዜ ማለት ነው። ከሀገሪቱ ሥራዎች ሁሉ የዚህን ያህል ብልህ የሆነ ብዙ አላየሁም።

የማከማቸት ነገር በይበልጥ የሚያስጨንቀው በሰሜኑ ቀዝቃዛ ዓለም ነው። ኖርዌይን እንውሰድ። በክረምቷ ቅዝቃዜው ይበረታል፣ ቤት ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ዝናቡ ግን በረዶ ሆኖ ተራራው ላይ ተጋግሯልና ወንዞቹ ይቀንሳሉ። ፍላጎት ሲጨምር ውሃ ይጠፋል። ስለዚህ ከ1,000 በላይ ግድብና ሐይቅ አዘጋጅታ፣ በረዶው ሲቀልጥ የሚመጣውን ውሃ ለሚቀጥለው ክረምት ታስቀምጣለች፤ ከአውሮፓ የግድብ ክምችት ግማሽ ያህሉ የእሷ ነው። ሐይቆቿ ከሁሉ በላይ የሚጎድሉት በሚያዝያ ገደማ፣ በረዶው ከመቅለጡ በፊት ነው። የእኛዎቹ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ፣ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት። ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ጭንቀቱ አንድ ነው።

ሰሜኖቹ ሌላም ይሞክራሉ። በፊንላንድ ካንካንፓ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ማማ በ100 ቶን አሸዋ ተሞልቶ በትርፍ ኤሌክትሪክ ይሞቅ ጀመር፤ ሙቀቱ በክረምት ቤቶችን ያሞቃል። የሚይዘው 8 ሜጋ ዋት ሰዓት ነው። ጊቤ ሦስት በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ይህን ያህል ኃይል በ15 ሰከንድ ገደማ ያመነጫል። ንጽጽሩ የፊንላንዶቹን ጥረት ለማሳነስ አይደለም፤ በገደላችን ውስጥ ያለው ማከማቻ ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ለማየት ይረዳል።

ይህ ማከማቻ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቦች ውስጥ፣ በተለይም በጊቤ ሦስት፣ ውሃው በመቀነሱ መንግሥት ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንዲከፋፈል አደረገ። ወደ ሱዳንና ጅቡቲ የሚሸጠውም ተቋረጠ። ፋብሪካም ቤትም ተራውን ይጠብቅ ነበር። ተርባይኖቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ያለቀው ውሃው ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብዙ ቢያቀልም፣ ዝናብ የሚያንስበት ዓመት መምጣቱ አይቀርም።

ለዚህ ነው ፀሐይና ነፋስ ለግድቡ ተፎካካሪ ሳይሆኑ ወንድም የሚሆኑት። በክረምት ደመናው ከባድ ነው፤ በገጠር ቤት ጣሪያ ላይ ያለችው ትንሽ ሶላር ባትሪዋን መሙላት ያቅታታል። ያኔ ሐይቁ ይሞላል። በበጋ ሐይቁ ሲጎድል ፀሐይዋ ትበረታለች፤ የአዳማ ነፋስም የሚያይለው በደረቁ ወራት ነው። ቀን በፀሐይ የመጣው ኤሌክትሪክ እየተሠራበት፣ ውሃው ተዘግቶ ለማታ ቢቆይ፣ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሁለት ሜትር ኩብ ውሃ ይተርፋል። ውድ ባትሪ ሳይገዛ ግድቡ ራሱ የፀሐይዋ ባትሪ ይሆናል። ሀገሪቱ ከውሃው ጎን የፀሐይ ማመንጫ ልትዘረጋ የሚገባት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ኃይል የሚወስደው የ1,045 ኪሎ ሜትር መስመርም የሚሸጠው ነገር እንዳያጣ።

ለውሃው መቆየት ዋጋ የከፈሉ ሰዎችም አሉ። በታችኛው ኦሞ ዳሰነችና ካራን የመሳሰሉ ሕዝቦች ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ጎርፉ ቆመ። በግድቡ እቅድ ውስጥ ለእነሱ ሲባል በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ ታስቦ ነበር፤ ይህ ቃል ሊከበር የሚገባው ነው። ዩኔስኮ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የቱርካና ሐይቅ ፓርኮችን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ያስገባቸውም በግድቡ ተጽዕኖ ምክንያት ነው።

ለሐይቁ ዕድሜ ደግሞ ዋናው ጠላት ደለል ነው። ከሶሮ፣ ከጎምቦራና ከጠምባሮ ቁልቁለት ታጥቦ የሚወርድ አፈር ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይበርድና ይዘቅጣል፤ አፈር የያዘውን ቦታ ውሃ አይይዘውም። እንሰት ያለበት ጓሮ ዓመቱን ሙሉ በቅጠል ተሸፍኖ አፈሩን ይይዛል፤ በየዓመቱ የሚታረስ ገደላማ ማሳ ግን ለመጀመሪያው ዝናብ ራቁቱን ይቀርባል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት አርሶ አደሮች ወጥተው የሚሠሩት እርከን እስከ ዛሬ የግብርና ሥራ ተብሎ ብቻ ይቆጠራል። እርከኑ ግን ተርባይኑን የመጠገን ያህል የኃይል ማመንጫው ጥገና ነው። ከጊቤ ሦስት ከሚሸጠው ኤሌክትሪክ ገቢ ጥቂቱ ለእነዚህ ቁልቁለቶች በጀት ሆኖ ቢመደብ፣ ለገበሬውም ሆነ ለሐይቁ የሚገባ ክፍያ ነው።