ሙቀት፣ ጊዜና ቅባት፦ በቤት ውስጥ የዕቃ አጠባ ወጪንና ኃይልን ስለ መቆጠብ

መግቢያ

ስለ ከተማ ቤተሰብ የኃይል ፍጆታ ውይይት ሲነሣ ትኩረቱ አብዛኛውን ጊዜ በእንጀራ ምጣድ ላይ ያርፋል። ምጣድ ከፍተኛ ኃይል የሚወስድ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሆኖም በብዙ ቤት የሚጣደው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ነው። የምግብ ዕቃ ግን በየዕለቱ ይታጠባል። ለዚህ ሥራ የሚሞቀው ውኃ በአንድ ጊዜ ሲታይ አነስተኛ ስለሚመስል ከቁጥር አይገባም፤ በወር ተደምሮ ሲታይ ግን መጠኑ ቀላል አይደለም።

ይህ አጭር ጽሑፍ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ በእጅ የሚከናወን የዕቃ አጠባን ይመለከታል። የሚያቀርበው ሐሳብም የሚከተለው ነው፦ በአጠባ ላይ የሚውለው ኃይል ከሞላ ጎደል ውኃ ለማሞቅ የሚወጣ ነው፤ ሙቅ ውኃ የሚያስፈልገው ግን ለሁሉም ዕቃ አይደለም። አስፈላጊነቱን በዋናነት የሚወስነው ዕቃው ላይ የቀረው ቅባት ዓይነት ነው።

የማጽዳት አራት ምክንያቶች

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ባለሙያ ኸርበርት ሲነር በ1959 እ.ኤ.አ. ማናቸውም አጠባ በአራት ነገሮች ድምር ውጤት እንደሚከናወን አመለከተ። እነርሱም የሳሙናው ኬሚካዊ ሥራ፣ የመፈተግ ኃይል፣ ሙቀትና ጊዜ ናቸው። ይህ አስተሳሰብ «የሲነር ክብ» በሚል ስም ይታወቃል። ዋና ትምህርቱ አንዱ ሲቀነስ ሌላው ጉድለቱን ሊሸፍን እንደሚችል ማሳየቱ ነው፤ ሙቀት ቢቀንስ ጊዜ ወይም ፍተጋ ሊተካው ይችላል።

ከአራቱ መካከል ያለ ክፍያ የሚገኘው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ግን መለየት ያለበት ነገር አለ። ጊዜ ሲባል ዕቃው በውኃ ተነክሮ የሚቆይበት ጊዜ እንጂ አጣቢው ወይም አጣቢዋ ሳፋ ላይ አጎንብሰው የሚያሳልፉት ጊዜ አይደለም። በብዙ ቤት ይህ ሥራ የሚወድቀው በሴቶችና በቤት ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሙቀትን በፍተጋ ብቻ የሚተካ ቁጠባ ወጪውን ከቆጣሪው ወደ ሰው ጉልበት ያዛውራል እንጂ አያስቀርም።

ውኃ የማሞቅ ዋጋ፦ አስረጅ ስሌት

አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.19 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ያስፈልጋል። የቧንቧው ውኃ 18 ዲግሪ፣ የማጠቢያው ውኃ ደግሞ 45 ዲግሪ ነው ብለን እንነሣ። ልዩነቱ 27 ዲግሪ ነው።

በደቂቃ 6 ሊትር በሚያወርድ ቧንቧ ሥር ሙቅ ውኃን ክፍት አድርጎ የሚያጥብ ሰው በ7 ደቂቃ ውስጥ 40 ሊትር ያህል ይጠቀማል። ይህን ያህል ውኃ ለማሞቅ 1.26 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ያንኑ ዕቃ በ10 ሊትር ሙቅ ውኃ ሳፋ ውስጥ አጥቦ በቀዝቃዛ ውኃ የሚያለቀልቅ ሰው የሚያስፈልገው 0.31 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ማሞቂያው ከሚወስደው ኃይል ዘጠና በመቶውን ወደ ውኃው ያስተላልፋል ቢባል ፍጆታው እንደ ቅደም ተከተሉ 1.4 እና 0.35 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በቀን አንድ ጊዜ ቢታጠብ የወሩ ልዩነት 31 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ የመጀመሪያ እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ልዩነት ብቻውን ከእርከኑ ግማሽ ይበልጣል። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ የሚቆጠበው ኃይል የሚተመነው ቤቱ በሚገኝበት ከፍተኛ እርከን ዋጋ ነው።

ቦይለር ያለበት ቤት ሁለት ተጨማሪ ብክነቶች አሉበት። የመጀመሪያው፣ ሙቁ ውኃ እስኪደርስ ድረስ በቱቦው ውስጥ የነበረው ቀዝቃዛ ውኃ ፈሶ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው፣ ቦይለሩ በርቶ ሲውል ማንም ሳይጠቀምበት በግድግዳው በኩል ሙቀት መልቀቁ ነው። ለዕቃ አጠባ ብቻ ከሆነ የሚፈለገውን ያህል በማንቆርቆሪያ ማፍላት ይሻላል።

ከሰል በሚጠቀም ቤትም ስሌቱ ያው ነው። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ከሰል ሲነድ 29,000 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። በተራ የቆርቆሮ ምድጃ ከዚህ አንድ አምስተኛው ወደ ውኃው ይገባል ብንል፣ 10 ሊትር ለማሞቅ 200 ግራም ያህል፣ 40 ሊትር ለማሞቅ ደግሞ 800 ግራም ያህል ከሰል ይነዳል። በአንጻሩ ቡና ከተፈላ በኋላ በምድጃው የሚቀረው ፍም ዋጋው አስቀድሞ የተከፈለ ሙቀት ነው። በላዩ ውኃ የያዘ ማንቆርቆሪያ ቢጣድበት ለዕቃ አጠባ የሚበቃ ሙቅ ውኃ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ መሠረት አንድ እጅ የፈላ ውኃ ከሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲደባለቅ ሙቀቱ 43 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ይህ ለእጅ የሚስማማ፣ ቅባትንም ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት ነው። 10 ሊትር የማጠቢያ ውኃ ለማዘጋጀት ከ3 ሊትር ጥቂት በለጥ ያለ ውኃ ማፍላት በቂ ነው ማለት ነው።

የቅባቱ ዓይነትና የውኃው ሙቀት

ቅባት ከዕቃ ላይ በቀላሉ የሚለቀው ፈሳሽ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከረጋ በኋላ ሳሙና ወደ ውስጡ ዘልቆ ለመበተን ይቸገራል። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የዶሮ ወጥ ወይም የክትፎ ሳህን በ18 ዲግሪ ውኃ ሲታጠብ ቅቤው ይበልጥ ይረጋል፤ ከሳህኑ ወደ ስፖንጁ፣ ከስፖንጁም ወደ ሌላው ዕቃ ይዛመታል። ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ሙቅ ውኃ አስፈላጊ ነው።

የኑግና የሱፍ ዘይት ግን በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ወራትም ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። በእነዚህ ዘይቶች የተሠራ የጾም ወጥ የነካው ሳህን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና በሚገባ ይጸዳል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጾም ቀናት የዓመቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍኑ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ጾሙን በሚጠብቅና በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት በሚያበስል ቤት ለአጠባ የሚወጣው የማሞቂያ ኃይል ለዚያን ያህል ጊዜ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ የሚረጋ ዘይት የሚባለው የፓልም ዘይት ለብቻው መታየት አለበት። ይህ ዘይት ከዕፅዋት የሚገኝ ስለሆነ ለጾም ይውላል፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ግን እንደ አጣራሩ ከ20 ዲግሪ ገደማ አንሥቶ ከ35 ዲግሪ እስከ ማለፍ ይደርሳል። ስለዚህ በዕቃ ማጠቢያው ዘንድ ከዘይት ይልቅ ወደ ቅቤ የሚያዘነብል ባሕርይ አለው። መለያው የጾምና የፍስክ መሆን ሳይሆን ቅባቱ በክፍሉ ሙቀት መርጋቱና አለመርጋቱ ነው።

ለሽሮ፣ ለገንፎና ለእንቁላል ደግሞ ሕጉ ይለያል። የእንቁላል ፕሮቲን በጣም በሞቀ ውኃ ይጠነክራል። ድስት ላይ የደረቀ የሽሮ ወይም የገንፎ ስታርችም የሚለሰልሰው ውኃ መልሶ በመምጠጥ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው በዋናነት ጊዜ ነው። ድስቱ እንደ ተገለበጠ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሮበት ማቆየት ፍተጋውንም ሙቀቱንም ይቀንሳል።

ሳሙናና አረፋ

የሳሙና ሞለኪዩል አንዱ ጫፍ ውኃን፣ ሌላው ቅባትን ይስባል። በውኃው ውስጥ ያለው መጠን ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ሞለኪዩሎቹ ሚሴል የሚባሉ ጥቃቅን ስብስቦች ይሠራሉ፤ ቅባቱንም በውስጣቸው ይዘው ከውኃው ጋር ያስወግዳሉ። ማጠቢያው ለቅባቱ የሚበቃ ሳሙና ካገኘ በኋላ ተጨማሪው በአመዛኙ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። የአረፋ መብዛትም የማጽዳት ኃይል መለኪያ አይደለም፤ እንዲያውም ትርፍ አረፋ ለማለቅለቂያ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ፈሳሽ ሳሙናን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከማንጠባጠብ ይልቅ በሳፋው ውኃ ውስጥ ለክቶ መበጥበጥ የሳሙናንም የውኃንም ወጪ ይቀንሳል።

የንጽሕና ጥያቄ

ውኃ መቀነስ ንጽሕናን ይጎዳል የሚል ስጋት ሊነሣ ይችላል። እጅ የሚችለው 45 ዲግሪ ሙቀት ግን ራሱ ጀርም አይገድልም። ጀርም በአብዛኛው የሚወገደው በሳሙናና በፍተጋ ተላቆ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በመጨረሻም ዕቃው በሚገባ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ቁጠባው ማለቅለቂያው ላይ መሆን የለበትም፤ በተለይ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ፣ በጀሪካን ወይም በሮቶ ተጠራቅሞ የቆየው ውኃ ንጽሕናው ሊጠበቅ ይገባል። የማጠቢያው ውኃ ሲደፈርስና ቅባት ሲንሳፈፍበትም መቀየር አለበት። የሕፃን ጡጦ ግን በፈላ ውኃ ሊቀቀል ይገባል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለመጠጥ የሚፈላ ውኃ ለ3 ደቂቃ ያህል መንተክተክ እንዳለበት የሚመከረውም ውኃው የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ነው።

ከሌላ አገር ጥናቶች የሚወሰድ ትምህርት

የጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ከመቶ በላይ ሰዎች ለ12 ሰው የቀረበ ዕቃ በእጃቸው እንዲያጥቡ አድርገው ለክተዋል። አማካዩ 103 ሊትር ውኃና 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነበር፤ በሰዎቹ መካከል የታየው ልዩነት ግን እጅግ ሰፊ ነው። ይህ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለማጠቢያ ማሽን ማስረጃ ተደርጎ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት ደግሞ በሁለት ገንዳ፣ አንዱን ለማጠቢያ ሌላውን ለማለቅለቂያ በማድረግ የሚከናወን የእጅ አጠባ በተለመደው መንገድ ከሚሠራ ማሽን ያነሰ የበካይ ጋዝ ልቀት እንዳለው አሳይቷል። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ላነበበ ሰው ወሳኙ እጅ ወይም ማሽን መሆኑ ሳይሆን የአሠራሩ ዘዴ ነው። ባለ ሁለት ገንዳው ዘዴ ደግሞ በሁለት ሳፋ ለሚያጥብ የኢትዮጵያ ቤት እንግዳ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ወደ አሠራር ሲለወጥ ቅደም ተከተሉ የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያ ትራፊውና የረጋው ቅባት በወረቀት ይጠረጋል፤ ይህም ቅባቱ በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ረግቶ እንዳይዘጋ ይረዳል። የሽሮና የገንፎ ድስት ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል። ዘይት ብቻ የነካው ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቅቤና የሚረጋ ዘይት የነካው ደግሞ አንድ እጅ የፈላ ውኃ በሁለት እጅ ቀዝቃዛ በተበረዘበት ሳፋ ይታጠባል። ብርጭቆና ሲኒ ይቀድማሉ፤ ሳህንና ትሪ ይከተላሉ፤ ድስት በመጨረሻ ይታጠባል። ማለቅለቂያው በሌላ ሳፋ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይሆናል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ማንቆርቆሪያው ከመጣዱ በፊት ሳህኑ ላይ የቀረው ቅባት የሚረጋ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። በቤተሰብ ኃይል አጠቃቀም ላይ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ይህን በቀላሉ ሊፈትኑት ይችላሉ፤ ቴርሞሜትር፣ የውኃ መለኪያና የቆጣሪ ንባብ ይበቃሉ። ልኬቱ የኃይልና የውኃ መጠንን ብቻ ሳይሆን አጣቢዋ በሥራው ላይ የምታጠፋውን ደቂቃ ጭምር ሊይዝ ይገባል፤ የቁጠባው ሸክም በማን ላይ እንደ ወደቀ የሚታወቀው ይህ ሲመዘገብ ነውና።