ኮምፒዩተሩ የት ክፍል ተቀመጠ? የቤት ኮምፒዩተር፣ ቤተሰብና የሙያ ለውጥ

ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚነሡት የፈጠራ ሰዎች፣ ታላላቅ ኩባንያዎችና ከዓመት ዓመት የሚጨምረው የማሽኖቹ ፍጥነት ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ያላነሰ ድርሻ የነበረውና ብዙም የማይወሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ኮምፒዩተር ወደ ተራ ቤተሰብ መኖሪያ ከገባ በኋላ የት ክፍል እንደ ተቀመጠና ቁልፎቹን የመንካት ዕድል ማን እንዳገኘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የቤት ኮምፒዩተር የተስፋፋበትን የ1970ዎቹን መጨረሻና የ1980ዎቹን ዘመን እየቃኘን፣ መሣሪያው እንዴት ይሠራ እንደ ነበር፣ የማንን ሙያ እንደ ለወጠና ማንን ከበር ውጭ እንዳስቀረ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከመሥሪያ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኮምፒዩተር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የባንኮች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የትላልቅ ድርጅቶች ንብረት ነበር። ይህን ሁኔታ የለወጠው ማይክሮፕሮሰሰር ነው። የኮምፒዩተር ዋና የስሌት ክፍል በአንዲት ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ ላይ መስፈር በመቻሉ፣ አንድ ግለሰብ በራሱ ገንዘብ ኮምፒዩተር የሚገዛበት ጊዜ ደረሰ።

በጥር ወር 1975 አንድ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት አልቴር 8800 የተባለውን ማሽን በሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። ገዢው ክፍሎቹን ተቀብሎ ራሱ በብየዳ የሚገጣጥመው ይህ ማሽን ዋጋው 397 ዶላር ነበር። የቁልፍ ሰሌዳም ሆነ ስክሪን አልነበረውም፤ ትእዛዝ የሚሰጠው በፊት ለፊቱ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ፣ መልሱም የሚነበበው በትንንሽ አምፖሎች ብልጭታ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በካሊፎርኒያ፣ መንሎ ፓርክ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ተሰብስበው ክበብ መሠረቱ። ከክበቡ አባላት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ዎዝኒያክ የአፕልን የመጀመሪያ ኮምፒዩተር የነደፈው በአንድ የታወቀ ኩባንያ ተቀጥሮ እየሠራ ሲሆን፣ አስተማማኝ ሥራውን ለመልቀቅ እስከ መጨረሻው አመንትቶ ነበር።

በ1977 አፕል 2፣ ኮሞዶር ፔትና ቲ.አር.ኤስ. 80 የተባሉት ተገጣጥመው ያለቁ ኮምፒዩተሮች ለገበያ ቀረቡ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1981 ዜድ ኤክስ 81 በ70 ፓውንድ ገደማ፣ በ1982 ዜድ ኤክስ ስፔክትረም በ125 ፓውንድ መሸጥ ጀመሩ። በ1982 ቢቢሲ ስለ ኮምፒዩተር የሚያስተምር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲያሰራጭ፣ ቢቢሲ ማይክሮ የተሰኘው ኮምፒዩተርም ወደ ትምህርት ቤቶች ገባ።

ቴሌቪዥን፣ ቴፕና ትእዛዝ ጠባቂው ማሽን

ዋጋው ይህን ያህል ሊወርድ የቻለበት አንዱ ምክንያት ኮምፒዩተሩ በቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ መጠቀሙ ነው። እንደ ስክሪን የሚያገለግለው የሳሎኑ ቴሌቪዥን፣ እንደ መዝገብ ቤት የሚያገለግለው ደግሞ የሙዚቃ ቴፕ ነበር። ኮምፒዩተር የሚያውቀው 0 እና 1ን ብቻ ሲሆን፣ እነዚህን በካሴት ላይ ለመቅዳት ወደ ድምፅ መለወጥ ያስፈልግ ነበር። በስፔክትረም ላይ 0 ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ገደማ በሚቆይ አጭር ሞገድ፣ 1 ደግሞ እጥፍ ጊዜ በሚወስድ ረጅም ሞገድ ይወከል ነበር። ካሴቱ ሲከፈት የሚሰማው የሚያንቋርር ጩኸት የእነዚህ ሞገዶች ድምፅ ነው። 48 ኪሎባይት 393,216 ቢት ያህል በመሆኑ፣ ማህደረ ትውስታውን ከዳር እስከ ዳር ለመሙላት 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር። በመካከሉ ቴፑ ቢንገጫገጭ ወይም ካሴቱ አቧራ ቢኖረው ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ከዚህ የባሰ አደጋም ነበር። የማሽኑ ማህደረ ትውስታ ይዘቱን ጠብቆ የሚያቆየው የኤሌክትሪክ ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ሶኬቱ ከተነቀለ የሰዓታት ድካም በቅጽበት ይጠፋል። በመሆኑም አባት ዜና ለማየት፣ እናት ተከታታይ ድራማ ለመመልከት፣ ልጅ ደግሞ የጀመረውን ፕሮግራም ለመጨረስ በአንድ ቴሌቪዥን ላይ መሻማታቸው የዘመኑ የቤተሰብ ሕይወት አካል ሆነ።

መሣሪያው እንዲህ ደካማ ሆኖ ሳለ ያን ያህል ፍቅር ያሳደረው ለምንድን ነው? ለዚህ ትልቁ ምክንያት ማሽኑ እንደ በራ የሚያደርገው ነገር ነው። የዛሬው ስልክ ሲከፈት የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን ይደረድራል። የያኔው የቤት ኮምፒዩተር ግን ሲከፈት ባዶ ስክሪን አሳይቶ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም ቤሲክ በተባለው ቋንቋ ነው። ቤሲክን በ1964 በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የፈጠሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ኩርትዝ ሲሆኑ፣ ዓላማቸውም የሳይንስ ተማሪ ያልሆነው ሰው ጭምር ፕሮግራም መጻፍ እንዲችል ነበር። ለምሳሌ የ7ን የማባዣ ሠንጠረዥ ለማውጣት ሦስት መስመር ይበቃል። የመጀመሪያው መስመር ከ1 እስከ 12 ቁጠር ይላል፤ ሁለተኛው ቁጥሩን በ7 አባዝተህ ውጤቱን ስክሪኑ ላይ ጻፍ ይላል፤ ሦስተኛው ወደ ቀጣዩ ቁጥር እለፍ ይላል። አሥራ ሁለት መስመር መልስ በዐይኑ ፊት ተደርድሮ ያየ ልጅ፣ ማሽኑ የእርሱን ሐሳብ እንደ ፈጸመለት ይረዳል። ከዚያ በኋላ 7ን ወደ 13 መለወጥ፣ 12ን ወደ 1,000 ማሳደግ የማይሞክር ልጅ ጥቂት ነው።

በወጥ ቤት ጠረጴዛ የተጀመረ ሙያ

ይህ መሣሪያ የቤተሰብን መተዳደሪያ እንዴት እንደ ለወጠ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የሮበርታና የኬን ዊሊያምስ ነው። ኬን በካሊፎርኒያ የሚሠራ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን፣ ባለቤቱ ሮበርታ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በወቅቱ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ አንድ የዋሻ ጨዋታ ሮበርታን እጅግ ማረካት። እርስዋም በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ የራስዋን ታሪክ ነደፈች፤ ሥዕሎቹንም አዘጋጀች፤ ባልዋ ደግሞ በአፕል 2 ላይ ፕሮግራሙን ጻፈ። ምስጢራዊው ቤት የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው ይህ ጨዋታ በ1980 ለሽያጭ ቀረበ፤ ታሪክን በሥዕል አስደግፈው ከሚያቀርቡ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ቀዳሚ ሆኖም ይቆጠራል። ባልና ሚስቱ ያቋቋሙት ድርጅት ከጊዜ በኋላ ሴራ ኦን ላይን ተብሎ በዓለም ታወቀ። ልብ እንበል፤ ኮምፒዩተሩ በቤት ውስጥ ባይኖር ኖሮ የሮበርታ ሐሳብ ከወረቀቱ ባላለፈ ነበር።

የሒሳብ ሠራተኞች ሥራም በዚሁ ዘመን ተለወጠ። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 ቪዚካልክ የተባለውን የሠንጠረዥ ማስሊያ ፕሮግራም ለአፕል 2 አወጡ። ቀደም ሲል በአንድ የበጀት ሰነድ ላይ አንድ ቁጥር ሲለወጥ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዙት ድምሮች ሁሉ በእጅ እየተፋቁ ዳግመኛ ይሰሉ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ግን በሣጥኖቹ ውስጥ ከቁጥር ሌላ ቀመር ስለሚይዝ፣ አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹን ራሱ ያስተካክላል። በመሆኑም ደመወዝ ቢጨምርስ፣ ዋጋ ቢቀንስስ እያሉ በደቂቃ ውስጥ አማራጮችን መመርመር ተቻለ። ቁጥር መደመር ሥራው የነበረ ሰው ሥጋት ሲያድርበት፣ ቁጥሮቹን መተንተን የተማረው ግን አዲስ ሙያ አገኘ።

አያትና የልጅ ልጅ

ሦስተኛው ምሳሌ ከፊንላንድ ነው። በሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር የነበሩት ሌዮ ቶርንክቪስት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮሞዶር ቪክ 20 የተባለ ኮምፒዩተር ገዙ። የማሽኑ ማህደረ ትውስታ 5 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ፕሮፌሰሩ ፕሮግራሞቻቸውን በወረቀት ላይ ይጽፉና የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እርሱ በቁልፎቹ እንዲጽፍላቸው ያደርጉ ነበር። ይህ ልጅ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። በ1991 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓተ ክወና አስኳል ይፋ አደረገ፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኙት የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ የሚሠሩት በዚህ አስኳል ላይ ነው። ሽማግሌው ማሽኑን ለራሳቸው ብቻ አድርገው በጥናት ክፍላቸው ቢቆልፉበት ኖሮ ይህ ታሪክ ምን መልክ ይይዝ እንደ ነበር አንባቢ ይገምት።

ለማን ተገዛ?

እስካሁን ያየነው የታሪኩን ብሩህ ገጽታ ነው። ሌላም ገጽታ አለው። በአሜሪካ በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚያገኙት ተማሪዎች መካከል የሴቶች ድርሻ በ1984 37 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማሽቆልቆል ጀመረ፤ በ2010 ገደማ ወደ 18 በመቶ ወረደ። በሕክምናና በሕግ ትምህርት የሴቶች ቁጥር ባደገበት በዚያው ዘመን ይህ መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል።

ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር የተባሉ ምሁራን በ1990ዎቹ አጋማሽ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎችን እያነጋገሩ ይህን ጥያቄ መረመሩ፤ ውጤቱንም በ2002 በመጽሐፍ አወጡ። ከግኝቶቻቸው አንዱ እጅግ ተራ የሚመስል ነገር ነበር። በብዙ ቤተሰብ ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው በወንድ ልጅ መኝታ ክፍል ነው። አባትና ወንድ ልጅ አብረው ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል፤ እኅት ግን ከወንድምዋ ትከሻ በስተ ኋላ ቆማ ታያለች። ስለዚህ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አንዱ የብዙ ዓመት ልምምድ ይዞ፣ ሌላዋ ያለ ልምምድ ትመጣለች። መምህሩም ሆነ ተማሪዎቹ ይህን የልምምድ ልዩነት የተፈጥሮ ችሎታ ልዩነት አድርገው ይወስዱታል። የመኝታ ክፍሉ ጉዳይ ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ማስታወቂያዎችና ፊልሞችም ኮምፒዩተርን የወንድ ልጅ መጫወቻ አስመስለው ያቀርቡ ነበር።

ችሎታው የተፈጥሮ አለመሆኑ የታየው ዩኒቨርሲቲው አሠራሩን በለወጠ ጊዜ ነው። ቀድሞ ፕሮግራም መጻፍ የሚያውቁትን ብቻ የሚያስቀድመው የመቀበያ መስፈርት ተሻሻለ፤ ልምድ ላላቸውና ለሌላቸው የተለያዩ የመግቢያ ኮርሶች ተዘጋጁ። በ1995 ከአዲስ ገቢዎቹ 7 በመቶ ብቻ የነበረው የሴቶች ድርሻ በ2000 42 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሰው ተፈጥሮ አይለወጥም፤ የተለወጠው የበሩ ስፋት ነው።

በሩ በሌላ መንገድ ሲጠብም ታይቷል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤበን አፕተን፣ ለኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያመለክቱ ወጣቶች ቁጥርና ይዘውት የሚመጡት ልምድ መቀነሱን አስተዋለ። በ1980ዎቹ የነበሩት ትእዛዝ ጠባቂ ማሽኖች ከየቤቱ ጠፍተው፣ በምትካቸው የሰው ሥራ ለመጠቀም እንጂ ለመፍጠር የማይጋብዙ መሣሪያዎች ገብተው ነበር። እርሱና ጓደኞቹ ያዘጋጁት ራስበሪ ፓይ የተባለ ርካሽ ኮምፒዩተር በ2012 ለሽያጭ ሲቀርብ፣ እንደ ጥንቶቹ ማሽኖች ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ጥያቄው ለእኛም ይሠራል። በአገራችን በርካታ ተማሪዎች የኮምፒዩተርን ቁልፍ መጀመሪያ የሚነኩት በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ወይም በኢንተርኔት ካፌ እንጂ በመኝታ ክፍላቸው አይደለም። በአንድ ማሽን ሦስትና አራት ሆነው ሲቀመጡ፣ ቁልፎቹን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ነው፤ የማያውቀውም እንዳያውቅ ይቆያል። በቤትም ቢሆን ላፕቶፕ ወይም ስልክ ሲኖር፣ ከትምህርት በኋላ ያለው ጊዜ ለወንድ ልጅ ነጻ፣ ለሴት ልጅ ግን የውኃ፣ የምድጃና የታናናሾች ጊዜ የሚሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም።

መፍትሔው ሁልጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። በቤተ ሙከራ ተራ በሰዓት ይመደብ፤ በዚህ ሳምንት ሲያይ የነበረው በሚቀጥለው ሳምንት ይጻፍ። የማያውቀው ሲጽፍ የሚያውቀው እጁን አጣምሮ በቃል ያስረዳ፤ ማስረዳት የራስንም ዕውቀት ያጠራልና። ፓይተንና ስክራች የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ያለ ክፍያ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ከ48 ኪሎባይት ማሽን በሺዎች እጥፍ የሚልቅ ማህደረ ትውስታ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ለመነሻ ከበቂ በላይ ነው። የቤት ሥራውም ለእኅትና ለወንድም እኩል ይከፈል።

በ1980ዎቹ ወላጆች ማሽኑን የት እናስቀምጠው ብለው ሲወስኑ፣ ስለ ሶኬትና ስለ ጠረጴዛ ቦታ እንጂ ስለ ልጆቻቸው የወደፊት ሙያ የወሰኑ አልመሰላቸውም። እኛ ግን ውጤቱን በቁጥር አይተነዋል። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ወንበር ከመያዛችሁ በፊት ባለፈው ጊዜ ቁልፎቹን ያልነካው ማን እንደ ነበር ጠይቁ፤ መጀመሪያ እርሱ ወይም እርስዋ ትቀመጥ።